ከፋብሪካው ክፍት ናት ስለተባለችው ላንድሮቨር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

እኔ ተዋበች ወልደሰማያት፣ በጂንካ ከተማ ተወልጄ፣ በጂንካ ተድሬ፣ በጂንካ ያረጀሁ፣ ዛሬ የካቲት ፲፰ ቀን ፳፻፲፮ ዓመተ ምሕረት በገዛ አልጋዬ ላይ ትራስ ተደግፌ፣ አስገዳጅ ሳይኖርብኝና አእምሮዬ ሙሉ ሆኖ የመጨረሻ ፈቃዴን እናዘዛለሁ። ስለ አእምሮዬ ማስረጃ ለሚሻ ሰው፣ ሐኪሙ ልብሽ ደክሟል አለኝ እንጂ ስለ ጭንቅላቴ ምንም አላለም። ተጨማሪ ማስረጃ ካስፈለገም፣ ልጄ እኔ በሕይወት ሳለሁ መኪናዬን ገበያ ማውጣቱን በሙሉ አእምሮዬ ያወቅሁ መሆኔ ይመዝገብልኝ።

ቃሌን የሚጽፈው በፍርድ ቤቱ በር ላይ ማመልከቻ በመጻፍ የሚተዳደረው ምንተስኖት ነው። ኑዛዜ በወጉ ነው የሚጻፈው ብሎ ሲያስቸግረኝ፣ ወጉን አንተ ጨምርበት፣ ነገሩን ግን አትንካብኝ ብዬዋለሁ። ምስክሮቼ ባለሱቁ ጎረቤቴ ነስረዲን፣ ባለቤቱ ዙህራ፣ ከበና አገር የመጣው ኦይታ፣ አራተኛው ራሱ ጸሐፊው ናቸው። ልጆቼም እዚሁ ክፍል ውስጥ አሉ። ኢየሩስ እግሬ ሥር ተቀምጣለች። ዘሩባቤል ወንበር ቢቀርብለትም ቆሟል፤ ረቡዕ አውሮፕላን ስላለው ከዛሬ ጀምሮ እየተለማመደ ይመስለኛል።

በመጀመሪያ ስለ ቀብሬ። በባለቤቴ በወንድይፍራው አጠገብ ቅበሩኝ። አስከሬኔን ግን በላንድሮቨሯ እንዳትጭኑ። እሷ ላይ ተቀምጬ የዝናብ ድርሻዬን በሕይወቴ ተቀብያለሁ፤ ለሬሳዬ የተረፈ የለም። ለተዝካሬ ብዙ አትደግሱ። ይህን ማለቴ ስታመም ዞር ብሎ ያላየኝ ዘመድ ሥጋ እንዳይበላ ብዬ አይደለም፤ ኢየሩስ ድስት ስታጥብ እንዳታመሽ ብዬ ነው። እንዲያውም ምንተስኖት ሁለቱንም ምክንያት ጻፍልኝ።

ዕዳ የለብኝም። አለባት የሚል ቢመጣ ነስረዲን ጋ ይሂድና ነስረዲን ይሳቅበት።

ሁለተኛ፣ የጓሮዬን የአቮካዶ ዛፍ ፍሬ በየዓመቱ ለዙህራ እሰጣለሁ ብዬ ነበር። ምንተስኖት ምስክር የሆነ ሰው በኑዛዜው መጠቀም አይችልም፣ ሕግ ይከለክላል አለኝ። ስለዚህ ለዙህራ ምስክርነቱ ይበቃታል። አቮካዶውን ነገ ጠዋት፣ እግዜር ካደረሰኝ፣ በሕይወት ያለሁ ሰው ሆኜ እሰጣታለሁ፤ እሱንም የሚከለክል ሕግ ካለ ምንተስኖት አፈላልጎ ያምጣ።

ሦስተኛ፣ ቤቴን ከነግቢው ለሁለቱ ልጆቼ እኩል ሰጥቻለሁ። ኢየሩስ በምትኖርበት ትኑር። የዘሩባቤልም ክፍል እንደነበረ አለ። አልጋው ላይ ነጭ ሽንኩርት የተከመረው ባለአልጋው ስለጠፋ ነው። መጥቶ ያንሣው ብለን ስንጠብቅ ሽንኩርቱ አበቀለ።

አራተኛ፣ ዛሬ ሁላችንንም የሰበሰበን ጉዳይ፣ የላንድሮቨሯ ነገር።

ይህችን ፒካፕ ባለቤቴ የገዛት በ፲፱፻፹፭ ዓ.ም. ነው፤ አንድ የመንገድ ሥራ ድርጅት ሥራውን ጨርሶ ዕቃውን ሸጦ ሲሄድ። ያኔም አሮጊት ነበረች። ወንድይፍራው ሲሞት ለእኔ ተናዞልኛል፣ ሊብሬዋም በስሜ ነው፤ በዚህ በኩል የሚያከራክር ነገር የለም። የሚያከራክረው ሌላ ነው። ስትገዛ ጣራ ነበራት። ምንተስኖት ይህን በትልቁ ጻፍልኝ። ጣራ ነበራት።

ጣራዋ የት ሄደ ለሚል፣ እነሆ። ባለቤቴ ሐሙስ ሐሙስ ጨውና ሳሙና ጭኖ ቀይ አፈር ገበያ ይወርድ ነበር። እዚያ ከኦይታ ጋር ተዋወቀ። በናዎች ቤል የሚሉት ወዳጅነት አለ። ከብት ወይም ፍየል ተሰጣጥተው ይገቡበታል፤ ከዚያ በኋላ ቤልህ የጠየቀህን አትከለክለውም። ወንድይፍራው ከኦይታ ጋር ይህን ገባ። እኔም ደግ አደረግህ ብዬ ነበር፤ ነገሩ ፍየል ላይ የሚያቆም መስሎኝ።

አንድ ሐሙስ ማታ ባለቤቴ ከእግር እስከ ራሱ በስብሶ መጣ። መኪናዋ ከመስታወቷ በላይ ባዶ ሰማይ ሆናለች።

«ጣራው የት ገባ?» አልኩት።

«ኦይታ ጠየቀኝ። ጎተራው እያፈሰሰ ማሽላው በሰበሰበት። በብሎን የታሰረ ነው፣ ፈትቼ ሰጠሁት።»

«ኦይታ እኔን ቢጠይቅህስ?»

«አንቺን አልጠየቀኝም» አለና ካልሲውን ጨመቀ።

እንግዲህ የእኔና የዝናብ ትዳር የተጀመረው በዚያ ምሽት ነው። ሸራ ተከናንቤ፣ ጃንጥላ በሁለት እጄ ይዤ፣ ከቀይ አፈር ጂንካ ስመላለስ ኖርኩ። የሠፈሩ ሰው ተዋበች ገላዋን የምትታጠበው በሐሙስ ነው ይል ነበር። ነስረዲንም ይህን ብሏል፤ አሁን መሬት መሬት ቢያይ አያድነውም።

አዲስ ጣራ እናሠራ ብዬ ያልለመንኩበት ክረምት የለም። ወንድይፍራው እምቢ አለ። ኦይታ አዲስ ጣራ ካየ፣ የሰጠኝ ከፍቶት ነው ብሎ ይቀየማል አለኝ። ይሉኝታ ይባላል የእኛ ሰዎች በሽታ። ሐኪም ቤት ገብቶ የዳነበት ሰው አላውቅም። የአንዱ ቤል ሆድ እንዳይከፋ የአንዷ ሚስት ጀርባ ሲረጥብ ኖረ።

ባለቤቴን ግን እወደው ነበር። ይህም ይጻፍ። ከነዝናቡ እወደው ነበር።

እሱ ካረፈ ወዲህ መሪዋን የያዘችው ኢየሩስ ናት። ከገዘር ጎመን፣ ድንችና ነጭ ሽንኩርት ጭና ጂንካ ታወርዳለች። መጀመሪያ ሰሞን ሴት ልጅ እንዴት አድርጋ ያሉ ነበሩ። መኪናቸው ጭቃ ውስጥ ገብቶ ገመድ ሲለምኗት አዳዲስ ስም ይሰጧት ጀመር፤ እህታችን፣ አንበሲት ይሏታል። ቤቱ የሚበላው ከዚህች መኪና ነው። የእኔም መድኃኒት ከዚህችው መኪና ነው።

ልጄ ዘሩባቤል አዲስ አበባ ነው የሚኖረው። ሥራው ምን እንደሆነ ነግሮኛል፤ ለሰዎች ሥራቸውን እንዴት እንደሚሠሩ ይነግራቸዋል። በጠና መታመሜን በሰማ በሳምንቱ ስልኩ ላይ ማስታወቂያ አወጣ። ለእኔ አልነገረኝም። ዙህራ ናት ከሱቅ ደንበኛ ስልክ ላይ አይታው እየሮጠች መጥታ ያነበበችልኝ። እንዲህ ይላል።

«ለሽያጭ የቀረበ። ጥንታዊ ላንድሮቨር ፒካፕ። ከፋብሪካው ክፍት ጋቢና ያላት፣ በአገራችን ብቸኛዋ። በእንክብካቤ የተያዘች። ባለቤቷ ዕድሜዋ የገፋና በጠና የታመመች ስለሆነ በአስቸኳይ ትሸጣለች።»

የመጨረሻውን ደግማ እንድታነብልኝ ጠየቅኋት። የምትሸጠው መኪናዋ ትሁን እኔ አልለየልኝም ነበር። ሳይገድሉ ጎፈሬ ይሏል ይህ ነው፤ ልጄ እኔ ሳልሞት ጎፈሬውን አበጥሮ ጨርሶ ነበር።

ደወልኩለት።

«እማዬ፣ ለሕክምናሽ ብዬ ነው» አለኝ።

«ሐኪሙ የመረመረው ልቤን ነው፣ ጋቢናዬን አይደለም።»

«ለኢየሩስ ደግሞ ባጃጅ እገዛላታለሁ።»

«የገዘርን ጎመን ባጃጅ ላይ ከጫነች፣ ባጃጁን ማን ይጭንላታል?»

ኔትወርኩ ተቋረጠ። የዘሩባቤል ኔትወርክ እኔ ስጠይቅ ይቋረጣል፣ እሱ ሲጠይቅ ይሠራል።

የገባኝን እዚሁ ልናገር። ልጄ ሊሸጥ የተነሣው ላንድሮቨሯን ብቻ ቢሆን ኖሮ አልቅሼ እተወው ነበር። እሷ ከሄደች ቀጥሎ ቤቱ ነው፤ ከቤቱ ቀጥሎ ወደ ጂንካ የሚመለስበት ምክንያት ሁሉ ነው። እህቱን በበዓል በስልክ እንኳን አደረሰሽ የሚላት ሰው ሊሆን ነው። ይህ አስፈራኝ። ሞት እንኳን እንዲህ አላስፈራኝም።

ከዚያ ገዢው መጣ። ሎጅ አለኝ የሚል፣ ደኅና የለበሰ ሰው ነው። ብርቱካን ይዞልኝ መጥቷል። መጀመሪያ ላንድሮቨሯን ሦስቴ ዞራት፣ ከዚያ እኔን እግዜር ይማርሽ አለኝ። የጭነት ቦታዋ ላይ አበባ ተክሎ በር ላይ ሊያቆማት፣ ፈረንጆች ፎቶ ሊነሡባት ነው። ኢየሩስ ቁልፉን በእጇ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ይህን ስትሰማ ቁልፉን ኪሷ ከተተችው።

«ጣራ የላትም እኮ፣ ዝናብ ያስገባል» አልኩት፤ ተስፋ ላስቆርጠው።

«እማማ፣ ዋጋዋ እኮ እሱ ነው። ከፋብሪካ እንዲህ ክፍት ሆና የወጣች አንድ ናት። ጣራ ቢኖራት ዞር ብዬም አላያት» አለኝ። ዘሩባቤል እንደነገረው ነው የሚደግመው። ቅዳሜ ጭኜ እወስዳታለሁ ብሎ ሄደ።

ብርቱካኑ ጣፋጭ ነበር፤ ሰውየውን አልበድለውም።

በዚያው ቀን በቀይ አፈር ነጋዴ በኩል ወደ ኦይታ ላክሁ። ተዋበች ታማለች፣ ይምጣ አልኩ። በማግስቱ ፍየል እየጎተተ መጣ። ኦይታ ሴቱንም ወንዱንም አንተ ነው የሚለው፤ እኔም ለምጄዋለሁ።

«ተዋበች፣ አንተ ታመመ አሉኝ። መጣሁ» አለኝ። ከአልጋው ጫፍ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ያልጠበቅሁትን ተናገረ። «ወንድይፍራው የእኔ ቤል ነው። እኔ ጠየቅሁ፣ እሱ ሰጠ። ጨው ሰጠ። ጣራ ሰጠ። እሱ ግን አንድ ቀን አልጠየቀም። ለምን አልጠየቀም? እኔ ምንም የለኝም ወይ? የማይጠይቅ ቤል አይደለም፣ እንግዳ ነው። ሰው ይስቃል፣ ቤልህ ይንቅሃል ይላል። ወንድይፍራው ሞተ፣ እኔ አሁንም አፍራለሁ።»

«ንቆህ አይደለም ኦይታ። የእኛ ሰው መጠየቅ ነውር ይመስለዋል።»

«መጠየቅ ነውር ከሆነ፣ እኔ ነውረኛ ነኝ?» አለ።

ወንድይፍራው ወዳጁን ላለማስቀየም ሚስቱን በዝናብ ያኖረው፣ ለካ ወዳጁን ሲያስቀይም ነው የኖረው። እኔም ኦይታም አልተጠቀምንም። ሳልስቅ መቅረት አልቻልኩም፤ ልቤ እየወጋኝ ሳቅሁ።

«እንግዲያው እኔ ልጠይቅህ» አልኩት። «ጣራዬን አምጣ።»

ኦይታ ጭኑን በጥፊ መታ። እንዲህ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። ጎተራው ክፍት ይሆናል አላለም። ለምን ፈለግሽው አላለም። ፍየሉን ግቢ አስሮ ሄደ፣ ዓርብ ከሰዓት ጣራው በአይሱዙ ተጭኖ መጣ። የዚያ ጣራ ቆርቆሮ ዝገት አያውቅም፤ የማሽላ አቧራና የእርግብ ኩስ ብቻ ነው የነበረበት። ኢየሩስ አጥባ፣ ከኦይታ ጋር አንሥተው አስቀመጡት። ብሎን የሚገባበት ቀዳዳ ሁሉ ልክ በልክ ገጠመ።

ዘሩባቤል ሽያጩን ለመፈራረም ቅዳሜ ጠዋት በአውሮፕላን ደረሰ፤ ገዢውም አብሮት ወደ ግቢ ገባ። ሰውየው ላንድሮቨሯን አይቶ ቆመ።

«ይህ ምንድን ነው?» አለ።

«ጣራ ነው፤ ሌላ ቤትም አለው» አልኩት በመስኮት።

«ይነሣል አይደል?»

«ይነሣል። ከዚህ በፊትም ተነሥቶ ነበር። በና አገር ጎተራ ከድኖ ነው የኖረው።»

ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ በጣቱ ዳሰሰ። «ኦሪጅናል አይደለችማ» አለ፤ ለዘሩባቤል እንጂ ለእኔ አይደለም። ልጄ ጣራውን ያይ ነበር። ጣራው የሄደው እሱ ሕፃን ሳለ ነው፤ እንደነበረ አያውቅም። ሐሰት ተናገረ አልልም። ስለ አባቱ መኪና ከማንም ሳይጠይቅ አወቀ፣ ይኸው ነው። ገዢው ሄደ፤ በዚህ ጊዜ ብርቱካን አላመጣም።

ስለዚህ ላንድሮቨሯን፣ ጣራዋን፣ ሸራዋንና መለዋወጫዋን ሁሉ ለልጄ ለኢየሩስ ብቻዋን ሰጥቻለሁ። ልትሸጣት ብትፈልግ ትሽጣት፤ የሚከለክላት የለም። ጃንጥላውን ግን ከእኔ ጋር አብራችሁ ቅበሩት፤ እሱም ዕረፍት ይገባዋል።

አምስተኛ፣ የዘሩባቤል ድርሻ።

እዚህ ላይ ዘሩባቤል «እማዬ፣ እኔ ምንም አልፈልግም» ብሏል። ይጻፍለት። እንዲህ የሚል ልጅ ሁልጊዜ ከሁሉም የከበደው ነው የሚደርሰው።

ለልጄ ለዘሩባቤል ኦይታን አወርሰዋለሁ። አባቱ ከኦይታ ጋር የገባውን ቤልነት ልጁ ይቀበል። ኦይታ የጠየቀውን አይከልክል። ከሁሉም በላይ ደግሞ አባቱ ያልቻለውን ይቻል፤ እሱም ይጠይቅ። ይህ ንብረት አይከፈልም፣ አይከራይም፣ ስልክ ላይ ፎቶው ተነሥቶ በአስቸኳይ አይሸጥም።

ምንተስኖት ብዕሩን አስቀመጠ። «ወይዘሮ ተዋበች፣ ኦይታ ምስክር ነው። ከኑዛዜው ተጠቃሚ ከሆነ ምስክርነቱ ይወድቃል» አለ።

«ተጠቃሚ አይደለም፤ ውርሱ ራሱ ነው» አልኩት። ነስረዲን ሳቁን መያዝ አቃተው። ምንተስኖት ብዕሩን አነሣ።

የመጀመሪያው ግዴታም ይህ ነው። የኦይታ ጎተራ በእኔ ምክንያት ክፍቱን ቀርቷል። ዝናቡ ሳይመጣ ዘሩባቤል ሄዶ በሣር ይክደነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል፤ ሳይዘንብም በሣር ነው።

«ጎተራ መክደን አላውቅም» አለ ዘሩባቤል።

«ኦይታ ያውቃል።»

«ሰው ልቅጠርለት። ባለሙያ።»

ኦይታ ጣልቃ ገባ። «ቅጥረኛ ቤል አይደለም» አለው። «ሣር እኔ አጭዳለሁ። አንተ ላይ ትወጣለህ። እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ላይ መውጣት እምቢ አለኝ። አባትህ ጣራውን ሲፈታ አንተ ትንሽ ልጅ፣ እኔ ጋ ማር በላህ። ረሳህ?»

ከቅዳሜ ጀምሮ ቆሞ የነበረው ልጄ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ።

ይህን ውርስ አልቀበልም ማለት መብቱ ነው። ያን ጊዜ ግን ለኦይታ በራሱ አፍ፣ ፊት ለፊት ይንገረው። እኔ መልእክት አላደርስም፤ የምሄድበት ቦታ ኔትወርክ የለውም።

የመጨረሻ ምክሬ ለሁለቱም ነው። እርስ በርስ ተጠያየቁ። ሳትጠያየቁ ተከባብረን ኖርን እንዳትሉ፤ እኔና አባታችሁ እንዲህ ተከባብረን ነው የበሰበስነው። ኢየሩስ፣ ሲደክምሽ ወንድሜ ና በይ። አትፈሪ። ዘሩባቤል፣ ብቸኝነት ሲሰማህ እህቴ ነይ በል። እኔም ልጠይቅ እስቲ፣ ሳልሞት ቶሎ ቶሎ ኑልኝ። ናፍቀኸኝ ነበር ዘሩባቤል። ማስታወቂያህን እንኳ ሳስነብብ፣ ልጄ የጻፈው ነው ብዬ ነው ያስደገምኩት።

ከዚህ የሚቃረን ቀድሞ የተናገርኩት ቃል ቢኖር በዚህ ተሽሯል። ይህ ኑዛዜ ከላይ እስከ ታች በአራቱ ምስክሮች ፊት ጮክ ተብሎ ተነብቦልኛል፤ ሁሉም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አብረው ነበሩ። ቃሉ የእኔ ነው፤ ወጉ የምንተስኖት ነው።

ልንፈርም ስንል የሆነውን ደግሞ ምንተስኖት ይጨምርበት። ዘሩባቤል ስልኩን አውጥቶ የረቡዑን ትኬት ብዙ ጊዜ ሲያይ ቆየ። ከዚያ ቀና ብሎ፣

«እማዬ፣ እዚያ በና አገር ዝናቡ የሚጀምረው መቼ ነው?» አለኝ።

«እኔን ምን ትጠይቀኛለህ፤ እየተናዘዝኩ ነው እኮ። ቤልህን ጠይቀው» አልኩት።

ወደ ኦይታ ዞሮ ጠየቀው።

ተናዛዥ፦ ተዋበች ወልደሰማያት፣ ፊርማ

ምስክሮች፦
ነስረዲን፣ ፊርማ
ዙህራ፣ ፊርማ
ኦይታ፣ የቀኝ አውራ ጣት አሻራ
ምንተስኖት፣ ጸሐፊና ምስክር፣ ፊርማ

ጂንካ፣ የካቲት ፲፰ ቀን ፳፻፲፮ ዓ.ም.